የመካከለኛ ደረጃ ጀማሪ መምህር፦ የመጀመሪያው ዓመት ውጣ ውረድ



በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ማስተማር የሚጀምር መምህር የመጀመሪያውን ዓመት በአንድ ስሜት ጀምሮ በዚያው ስሜት አይጨርስም። መስከረም ላይ በጉጉት ይገባል። ኅዳር ላይ የመረጠውን ሙያ ይጠራጠራል። ከጥር ዕረፍት በኋላ ያገግማል። ሰኔ ላይ ደግሞ ከተማሪዎቹ እኩል ውጤት ይጠብቃል። የዚህ መድረክ አዘጋጆች እንዲብራራ የጠየቁት ይኸው ውጣ ውረድ ነው። ርዕሱ በአምስት ነጥቦች ይታያል፦ መካከለኛ ደረጃ ምን እንደሆነ፣ ተማሪው ማን እንደሆነ፣ የምሥራቅ አዲስ አበባ ኑሮ በመምህሩ ላይ ምን እንደሚጨምር፣ ዓመቱ ከወር ወር እንዴት እንደሚጓዝ፣ በመጨረሻም ጀማሪውን የሚያቆመው ምን እንደሆነ።

አምስቱም ነጥቦች ወደ አንድ ሐሳብ ያመራሉ። የጀማሪ መምህር ውጣ ውረድ የታወቀ ወቅትና የታወቀ ምክንያት አለው፤ ስለዚህ ጀማሪው ብቻውን እንዲወጣው የሚተው የግል ጉዳይ አይደለም፣ የመላው ትምህርት ቤት ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ የመካከለኛ ደረጃ ምንነት ነው። በዕድሜ የገፉ አድማጮች እንደሚያስታውሱት በንጉሡና በደርግ ዘመን የአገሪቱ ትምህርት 6-2-4 በሚባል አደረጃጀት ይመራ ነበር። 7ኛና 8ኛ ክፍል ራሱን የቻለ እርከን ሆኖ “መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ” ይባል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለቱን ክፍሎች የአንደኛ ደረጃ ሁለተኛ ሳይክል አካል አደረጋቸው። የትምህርት ፍኖተ ካርታው ጥናት ከተካሄደ በኋላ በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ 6-2-4 መለሰው። ዛሬ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው።

ይህ እርከን ሁለት ዓመት ብቻ የሚቆይ በመሆኑ በሁለት ፈተናዎች መካከል ተጣብቧል። ተማሪው ወደ 7ኛ የሚገባው የ6ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ነው። ከ8ኛ የሚወጣውም ሕዝቡ እስከ ዛሬ “ሚኒስትሪ” በሚለው ፈተና ነው። ስለዚህ 8ኛ ክፍል የተመደበ ጀማሪ ሙያውን ገና እየተማረ ሳለ ለፈተና የማድረስ ኃላፊነት ይወድቅበታል። ልምድ ያለውም ጀማሪውም የሚያቀርቡት ተፈታኝ ለአንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣል።

በዚህ እርከን ሁለት ነገሮች ጀማሪውን ይከብዱታል። አንዱ ቋንቋ ነው። በአዲስ አበባ በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳብንና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ይማራል። አምና “ኃይል” እና “ሙቀት” እያለ የተማረውን ዘንድሮ በሌላ ቋንቋ ያገኘዋል። መምህሩ ጽንሰ ሐሳቡንና የተነገረበትን ቋንቋ በአንድ ፔሬድ ማስተማር አለበት። “ገባችሁ?” ሲል “አዎ ቲቸር” የሚል የጅምላ መልስ ይሰማል፤ ደብተር ሲያርም ግን ብዙዎቹ ቃሉን ብቻ እንደገለበጡ ያያል። ይህ ብዙ ጊዜ ከልጆቹ ስንፍናም ከመምህሩ ድክመትም አይደለም፤ ከቋንቋ ሽግግሩ የመጣ ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ አዳዲስ ቃላትን በትምህርቱ መጀመሪያ ለይቶ ማስተማር፣ ሥዕልና ዕቃ ማሳየት፣ ተማሪው የተረዳውን በራሱ አፍ እንዲናገር ዕድል መስጠት።

ሌላው የትምህርቱ አደረጃጀት ነው። ቀድሞ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለየብቻ ይሰጡ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሦስቱ ጀነራል ሳይንስ በሚል አንድ ትምህርት ተጠቃለዋል። ስለ ሕዋስ በሙሉ ልብ የሚያስተምር የባዮሎጂ ምሩቅ ስለ ውሕዶች አመዳደብ ወይም ስለ እንቅስቃሴና ኃይል ሲደርስ ከተማሪዎቹ አንድ ምዕራፍ ቀድሞ እያነበበ ለመጓዝ ይገደዳል። የፊዚክስ ምሩቅም ስለ ሰው አካል ሥርዓቶች ሲያስተምር ያው ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ሦስቱም ምሩቃን ካሉ ግን ችግሩ በዲፓርትመንት ውስጥ መፍትሔ ያገኛል። አንዱ ለሌላው ምዕራፍ ያስረዳል፣ የቤተ ሙከራ ሥራውን አብረው ያዘጋጃሉ። ይህ የሚሆነው ርእሰ መምህሩ የጋራ የዝግጅት ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ ሲያስቀምጥ ነው።

የዚህ እርከን ክብደት ከአራት ዓመት በኋላም ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በ12ኛ ክፍል የሚታየው ጉድለት በ12ኛ ክፍል አልተጀመረም። ክፍልፋይን፣ የቁጥር ምልክቶችንና የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን ሳይጨብጥ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚማረው በጎደለ መሠረት ላይ ነው። የመካከለኛ ደረጃ መምህር ያንን መሠረት ለመጠገን ሁለት ዓመት አለው።

ሁለተኛው ነጥብ ተማሪው ነው። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚገኙ ልጆች አብዛኞቹ የ13 እና የ14 ዓመት ዕድሜ ላይ ናቸው። ሰውነታቸው በአንድ ክረምት ይለወጣል፣ የወንዶቹ ድምፅ ይጎረንናል፣ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ ቀድመው ይረዝማሉ። የጓደኛ አስተያየት ከወላጅ ቃል የበለጠ ይከብዳቸዋል። ከዚሁ ጋር አእምሯቸው ይሰፋል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እንዳስረዳው ልጆች በዓይን የማይታየውን በሐሳብ ማስላት የሚጀምሩት ከ11 እና 12 ዓመት ገደማ አንሥቶ ነው። በሒሳብ ትምህርት ከቁጥር ወደ ፊደል መሸጋገር የሚቻለው፣ “ለምን?” የሚለው ጥያቄም የሚበዛው በዚህ ዕድሜ ነው።

ይህ ዕድሜ አዲስ መምህርን ይፈትናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆቹ ወሰኑ የት እንደሆነ ለማወቅ ይሞክራሉ። አንዱ ለመውጣት ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ሌላው ቦታ ይቀያየራል፣ ሌላው ስልክ ደብቆ ይገባል። ጀማሪው ይህን እንደ ንቀት ከወሰደው ከክፍሉ ጋር ግጭት ይጀምራል። መምህሩ ራሱ የተማረው በዱላ ከሆነ ደግሞ እጁ ወደዚያው ይሄዳል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ዱላ በሕግም በሙያም የተዘጋ መንገድ ነው። ከዚህም ሌላ የ13 ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት የደረሰበትን ውርደት አይረሳም፤ ከዚያ በኋላ ከዚያ መምህር መማር ያቆማል።

የሚሠራው ሌላ ነው። የተማሪዎችን ስም ቶሎ መያዝ፣ የመቀመጫ ቦታቸውን መወሰን፣ ፔሬዱ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሥራ እንዲጀመር ማድረግ፣ ጥቂት ደንብ አውጥቶ ሳያዛንፉ ማክበር፣ ተግሣጽን ከክፍል ውጭ ለብቻ መስጠት። እነዚህ ትናንሽ ልማዶች ናቸው፤ ሆኖም በ40 ደቂቃ ፔሬድ ውስጥ 10 ደቂቃ የሚያድን ሥርዓት በዓመት ሲደመር ብዙ ሳምንት የሚሆን ትምህርት ያተርፋል።

ሦስተኛው ነጥብ አካባቢው ነው። ቦሌ፣ የካና በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የአዲስ አበባን ምሥራቅ ይይዛሉ። በዚህ አካባቢ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ይገኛል። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ የግል ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። በዚያ የሚቀጠር ጀማሪ በክረምት “ዴሞ” የሚባል የሙከራ ትምህርት አስተምሮ ያልፋል። ከገባም በኋላ ሥራው በወላጆች ዓይን ሥር ነው። በየዕለቱ የሚፈረም ኮሙኒኬሽን ቡክ አለ፣ እስከ ማታ መልእክት የማይቋረጥበት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ አለ። የክፍሉ ተማሪ ቁጥር ያንሳል፣ የወላጅ ጥያቄ ግን ይበዛል።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁኔታው ይለያል። በየካ አባዶ፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ከመሀል ከተማ ብዙ ቤተሰብ አምጥተዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከተለያየ ሰፈር የመጣ፣ ወላጆቹ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ፣ ከድሮ ጀምሮ በአካባቢው ያረሱ ገበሬዎች ልጅ የሆነ ተማሪ አብሮ ይቀመጣል። የቤታቸው ቋንቋም የቀደመ ዝግጅታቸውም አንድ አይደለም። በሌላ በኩል ከተማዋ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያስፋፋችው የተማሪዎች ምገባ የብዙ መምህራንን ሥራ አቅልሏል። ተርቦ የሚያንቀላፋ ልጅ ሲቀንስ የማለዳው ፔሬድ ትምህርት ይሆናል።

የመምህሩ የግል ኑሮም ከዚሁ አካባቢ ጋር የተያያዘ ነው። በቦሌ የቤት ኪራይ ለጀማሪ ደመወዝ አይደፈርም። ስለዚህ ብዙዎቹ ከጓደኛ ጋር ተጋርተው ይከራያሉ ወይም ርቀው ይኖራሉ። ጠዋት በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዘው፣ አንበሳ ወይም ሸገር አውቶቡስ ጠብቀው፣ ወይም በአያት መስመር ባቡር ተሳፍረው ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት መድረስ አለባቸው። ማታ ደግሞ ገቢ ለመደጎም ቤት ለቤት የሚያስጠኑ አሉ። ለነገ ትምህርት መዘጋጃ የሚሆነው ሰዓት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ስለ ጀማሪ መምህር ብቃት የሚነሣ ውይይት ሁሉ ይህን እውነት መርሳት የለበትም።

አራተኛው ነጥብ የዓመቱ ጉዞ ነው። አሜሪካዊቷ የመምህራን አሠልጣኝ ኤለን ሞይር በ1990 እ.ኤ.አ. የጀማሪ መምህራን የመጀመሪያ ዓመት አምስት ምዕራፎች እንዳሉት አስረድታለች፦ ተስፋ፣ መትረፍ፣ መከፋት፣ መታደስና መለስ ብሎ ማሰብ። ምዕራፎቹ በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን ላይ ሲቀመጡ ጉዞው እንዲህ ይሆናል።

ነሐሴና ጳጉሜን የተስፋ ወቅት ናቸው። ምደባው ታውቋል፣ መጽሐፉ ተወስዷል፣ የመጀመሪያው ቀን በሐሳብ ብዙ ጊዜ ተኖሯል። መስከረምና ጥቅምት የመትረፊያ ወራት ናቸው። ተማሪዎች ከክፍል ክፍል ይዘዋወራሉ፣ ፕሮግራም ይቀያየራል፣ ዓመታዊ ዕቅድ፣ ሳምንታዊ ዕቅድና የዕለት ሌሰን ፕላን ይጠየቃል። ሆምሩም የሆነ መምህር ደግሞ ስም ዝርዝርና የወላጅ ስልክ ይሰበስባል። በሳምንት 20 ፔሬድ ገደማ ያለው ጀማሪ በዚህ ጊዜ ስለ ማስተማር ለማሰብ ፋታ አያገኝም፤ የዛሬን ቀን መጨረሱ ብቻ ነው የሚታየው።

ከኅዳር እስከ ጥር መጀመሪያ የመከፋት ወቅት ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ይታረማሉ። በአምስት ክፍሎች በእያንዳንዱ 50 ተማሪ ያለው መምህር 250 ወረቀት ያርማል፣ ውጤቱም ካሰበው በታች ይሆናል። ወላጅ ይመጣል፣ ሱፐርቫይዘር ክፍል ይገባል፣ ማርክ ሊስትና ሮስተር ይደርሳል። ደመወዙ ምን ያህል እንደሚያዳርስም በዚህ ጊዜ ታውቋል። “ለመምህርነት አልተፈጠርኩም ይሆን?” የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በዚህ ወቅት ነው። ሙያውን ለመልቀቅ የሚያስብ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ያኔ ነው። ይህን ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሰማው ድካም ብዙ ጀማሪዎች ያለፉበት የመንገዱ ክፍል እንጂ የችሎታ ማነስ ማረጋገጫ አይደለም።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የመታደሻ ጊዜ ነው። ጀማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ማየት ይችላል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ስሞቹን ያውቃል፣ የትኛው ክፍል ከምሳ በኋላ እንደሚደክም ያውቃል፣ የመማሪያ መጽሐፉ የት እንደሚያስቸግር ለይቷል። ለውጡ ራሱን የሚገልጸው በቀላል ነገሮች ነው፦ ዝም ብላ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን ታወጣለች፣ ሲረብሽ የነበረው የሳይንስ ክበብ አባል ለመሆን ይጠይቃል፣ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል መናገር የሚያፍር ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያስረዳል። ደመወዝ የማይተካው የመምህርነት ደስታ ይህ ነው፤ በሙያው የቆዩ መምህራን ለምን እንደቆዩ ሲጠየቁ የሚያነሡትም ይህንኑ ነው።

ግንቦትና ሰኔ የፈተናና የማሰላሰል ወራት ናቸው። የ8ኛ ክፍል መምህራን ቅዳሜ ሳይቀር ቱቶሪያል ይሰጣሉ። ዓመቱ ሲዘጋ ጀማሪው በሚቀጥለው መስከረም ምን እንደሚለውጥ መዘርዘር ይችላል። ይህን ዝርዝር በጽሑፍ የያዘ ሰው ሁለተኛ ዓመቱን የሚጀምረው ከዜሮ አይደለም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ጀማሪውን የሚያቆመው ነገር ነው። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ አለ። የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ወይም በተለምዶ “ተሙማ” የሚባለው ማዕቀፍ ማንኛውም መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው እንዲያውል ይጠይቃል። አዲስ ለተመደቡት ደግሞ በልምድ በበለጠ አማካሪ መምህር የሚታገዝ የሁለት ዓመት የማለማመጃ ፕሮግራም አስቀምጧል። የደረጃ ዕድገቱም ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህር፣ በተባባሪ መሪ መምህርና በመሪ መምህር በኩል እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይወጣል። የሥልጠና ተቋምም ሩቅ አይደለም፤ በዚሁ በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ።

ክፍተቱ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ተሙማ ፋይል የሚሞላበት ፎርም ብቻ ከሆነ፣ አማካሪው የሚገናኘው ለፊርማ ብቻ ከሆነ፣ ጀማሪው በኅዳር ብቻውን ነው። እውነተኛ የአማካሪነት ሥራ ሦስት ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ አማካሪውና ጀማሪው በሳምንት አንድ የጋራ ሰዓት በፕሮግራም ይያዝላቸዋል። ሁለተኛ፣ ጀማሪው አማካሪው ሲያስተምር ያያል፣ አማካሪውም ጀማሪው ሲያስተምር ያያል፤ ይህ ለነጥብ መስጫ አይውልም። ሦስተኛ፣ ውይይቱ በአንድ ችግር ላይ ያተኩራል፦ ለምሳሌ በዚህ ሳምንት የፔሬዱ አጀማመር፣ በሚቀጥለው የጥያቄ አቀራረብ።

ከአማካሪነት በተጨማሪ ምደባ ራሱ ድጋፍ ነው። በብዙ ቦታ ነባሩ ሰው የተሻለውን ክፍል ይመርጣል፣ የቀረው ለአዲሱ ይሰጣል። ከባዱን ክፍል፣ ሆምሩምነትን፣ ክበብንና ሁለት ዓይነት ዝግጅትን በአንድ ጊዜ ለጀማሪ መስጠት በመስከረም ጊዜ ይቆጥባል፤ በኅዳር ግን መምህር ያሳጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የጀማሪው ሸክምም ለዲፓርትመንቱ ሲከፋፈል ለማንም አይከብድም።

ወላጆችም ድርሻ አላቸው። መምህሩ ወጣት ስለሆነ ብቻ የልጅን ክፍል ለማስቀየር መጠየቅ፣ በልጁ ፊት መምህሩን ማጣጣል፣ በግሩፕ ላይ መውቀስ ትምህርቱን ይጎዳል። ቅሬታ ሲኖር ቀድሞ መምህሩን፣ ከዚያ ዩኒት ሊደሩን፣ ከዚያም ርእሰ መምህሩን ማነጋገር ትክክለኛው መንገድ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት በዓመቱ መጀመሪያ አዳዲስ መምህራንን ለወላጆች ቢያስተዋውቅ ብዙ አለመግባባት ሳይፈጠር ይቀራል።

ክቡራትና ክቡራን፣ በአገሪቱ ዘመናዊ የመምህራን ሥልጠና በ1936 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተጀመረ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ታላላቅ የሚባሉት መምህራን አንድ ጊዜ ጀማሪዎች ነበሩ፤ የቆዩትም ያለፉበትን የሚያውቅ ሰው ከጎናቸው ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ጥሪው ግልጽ ነው። ርእሳነ መምህራን፣ የጀማሪዎቻችሁን ፕሮግራም ከመስከረም በፊት ከአማካሪ ጋር አጣምራችሁ አዘጋጁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥም እያንዳንዳቸውን ጠርታችሁ አነጋግሩ። ነባር መምህራን፣ የክፍላችሁን በር ክፈቱላቸው፣ ለዓመታት ያዘጋጃችሁትን ማስታወሻና የፈተና ጥያቄ አካፍሏቸው። ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ መምህር አንድ ዓመት የመማሪያ ጊዜ ስጡ። ዘንድሮ ክፍል የምትገቡ ወጣቶች፣ ኅዳር ሲከብዳችሁ ዝም አትበሉ፣ ጠይቁ፤ ከጥር በኋላ ያለውን ሳታዩም በሙያው ላይ ውሳኔ አትስጡ።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።